ከነብር የባሰ ባለልኳንዳ

አባቴ ከነብር የባሰ አስፈሪ መሆኑ የተነገረኝ እራት ላይ ነው። የነገረችን እናቴ ናት፤ ያውም እጇን እየታጠበች፣ ፊቷን እንኳ ወደ እኛ ሳታዞር።

«እኔስ ገርሞኛል» አለች። «ነብሩ ሲያጉረመርም ድኩላዎቹ ጆሯቸውን ያቆማሉ፣ ጥቂት ፈቀቅ ይላሉ፣ ከዚያ ተመልሰው ውሃቸውን ይጠጣሉ። የእሱን ድምፅ ሲሰሙ ግን እግሬ አውጪኝ ነው። የሚመለስ የለም።»

«የማንን ድምፅ?» አለች አክስቴ።

እናቴ ውሃ በሚያንጠባጥብ ጣቷ አባቴን አመለከተች።

አባቴ የጎረሰውን ሳያላምጥ ቀረ። ሰውነቱ በር ይሞላል፤ ድምፁ ግን የታመመ ሰው ሊጠይቅ እንደገባ እንግዳ ዝግ ያለ ነው። አንድ ነገር ሲፈልግ ሁለት ጊዜ አስቦ፣ በሦስተኛው ይተወዋል። ሥራው ደግሞ ባለልኳንዳ ነው። ቀኑን ሙሉ ከመንጠቆና ከመጥረቢያ ጋር ይውልና ማታ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ማንንም ላለመቀስቀስ ይመስል በካልሲው ይገባል፤ የተኛ ሰው በሌለበት ሰዓት።

አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ከእኛው ጋር ትኖር ነበር፤ ምላሷ ከመቀሷ ይስላል። «ይኸውላችሁ!» አለች። «ነብር ከውስጥ አስቀምጠን በር የምንቆልፈው ከማን ፈርተን ነው?»

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴም እንዳልሳቀ ልብ ያልኩት ግን ካደግሁ በኋላ፣ ያን እራት መልሼ መላልሼ ሳስበው ነው።

እናቴ የዱር እንስሳት ተመራማሪ ናት። የምታጠናው አዳኞችንና የሚታደኑትን ነው። ማን ማንን እንደሚበላ ማወቅ ቀላል ነው ትላለች፤ የሚከብደው ማን ማንን ሲፈራ ምን እንደሚሆን ማወቅ ነው። «መበላት የአንድ ቀን ጉዳይ ነው» ትል ነበር፤ «ፍርሃት ግን በየቀኑ ነው። የፈራ ድኩላ ሣር ይቀርበታል፣ ውሃ ይቀርበታል፣ ልጁ ይከሳል። ነብሩ ጥርሱን ሳያሳርፍበት ገደለው ማለት ነው።» እንዲህ ያለ ወሬ እኛ ቤት ከሾርባ ጋር ይቀርብ ነበር።

የምትሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ጥብቅ ደን ውስጥ ነው። ኩሬ ዳር ባሉ ዛፎች ላይ ካሜራና ድምፅ ማጉያ ታስራለች። እንስሳ ሲያልፍ ካሜራው በራሱ ይነቃል፤ ድምፅ ማጉያውም ከተቀዱት ድምፆች አንዱን ያሰማል፦ የነብር፣ የውሻ፣ የእርግብ፣ የሰው። እርግቧ የተጨመረችው ማንም ስለማይፈራት ነው። እንስሳቱ በእርግቧም ከሸሹ ያስደነገጣቸው ድንገተኛ ድምፅ ነው፤ በእርግቧ ዝም ብለው በሌላው ከሸሹ ግን የሚፈሩት ባለድምፁን ነው ማለት ነው።

የሰው ድምፅ ሲያስፈልጋት በቅርብ የተገኘው ሰው አባቴ ነበር። መቅጃውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ «በል አውራ» አለችው። «ቁጣ የለበትም፣ ጩኸት የለበትም። በየቀኑ የምታወራውን።»

አባቴን ላብ አጠመቀው። መቅጃውን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። በሕይወቱ ሳያፍር የሚናገረው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሚዛኑ ኋላ። ስለዚህ ዓይኑን ጨፈነና ልኳንዳው ውስጥ ገባ።

«እንዴት አደርሽ» አለ ለመቅጃው። «ዛሬ የመጣው ለጋ ነው። ከታፋው ነው ከጎኑ? ለመቀቀል ከሆነ ይሄኛው አጥንት ይሻልሻል። ቆዳው ገና አሁን ነው የተገፈፈው፣ ነይ እይው። ጉበቱን ልጠቅልልሽ?»

«ግሩም!» አለች እናቴ። ለእሷ የቃሉ ትርጉም ከምንም የሚቆጠር አልነበረም፤ የፈለገችው ረጋ ያለ የሰው ድምፅ ነው፣ አገኘች።

እኔ ግን ነገሩን ከድኩላዎቹ ወገን ሆኜ አየሁት። ውሃ ልጠጣ ጎንበስ ባልኩበት ከዛፍ ላይ አንዱ «ከታፋው ነው ከጎኑ?» ቢለኝ እኔስ እቆማለሁ? ድኩላዎቹ ብልህ ናቸው ብዬ ደመደምኩ። የአባቴን ሥራ ያውቃሉ። ምናልባትም ዘመዶቻቸውን በመንጠቆው ላይ አይተዋል።

ከዚያ ቀን በኋላ አባቴን በዓይነ ቁራኛ መከታተል ጀመርኩ። ማስረጃው ሞልቷል። ጀርባው ላይ ፀጉር አለ። ከጥርሶቹ አንዱ ከሌሎቹ ረዘም ይላል። ሥጋ ሲበላ አጥንቱን ሰብሮ መቅኒውን ይመጥጣል፤ ሲጨርስ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ያንቀላፋል። እናቴ ስለ ነብር ስትናገር «ከበላ በኋላ ግማሽ ቀን ይተኛል» ያለችውን አስታወስኩ። ሲያቅፈኝም ሰውነቴ ይደርቅ ጀመር። «ልጁ ምን ሆኗል?» ብሎ አክስቴን ሲጠይቃት ሰምቻለሁ፤ «እያደገ ነው» አለችው፤ እሷ ለማታውቀው ነገር ሁሉ መልሷ ይኸው ነው።

ነገሩ የከፋው የእናቴ አለቃ ቤታችን የመጣ ቀን ነው። አለቃዋ ቀጭን፣ ባርኔጣውን ቤት ውስጥ የማያወልቅ ሰው ነበር። እኔ ከሶፋው ጀርባ ሆኜ በመኪናዬ እጫወታለሁ፤ ማለትም አዳምጣለሁ።

«ስሚኝ እህቴ» አላት። «ይሄ ያመጣሽው ውጤት ስለ ሰው ልጅ ነው ወይስ ስለ ባልሽ?»

«ስለ ሰው ልጅ ነው እንጂ።»

«በምን አወቅሽ? የሰማነው የእሱን ድምፅ ብቻ ነው። ምናልባት ሰውዬሽ ብቻውን ነው የሚያስፈራው። ሌሎች ወንዶች አምጪ፤ ከእሱ ጋር እናወዳድራቸው። በዚህ ክረምት ካልሆነ የደኑን ጣቢያ እዘጋና ቢሮ አስገባሻለሁ።»

«እባክዎ ቢሮ አያስገቡኝ!» አለች እናቴ፤ ድምፅዋ እንዲያ ሲሆን ሰምቼ አላውቅም።

ቢሮ ማለት እስር ቤት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን ካየሁ በኋላ ብዙም እንዳልተሳሳትኩ ይሰማኛል። የተሳሳትኩት በሌላው ነው። እኔ የገባኝ እንዲህ ነው፤ አለቃው አባቴን አስፈሪ ሆኖ አግኝቶታል፣ እናቴ በሌላ ሰው ካልተካችው ትታሰራለች።

በማግሥቱ ወንዶች መምጣት ጀመሩ። የሚመጡት ደግሞ አባቴ ሥራ ላይ እያለ ነው፤ ወጥ ቤቱ ጸጥ የሚለው ያን ጊዜ ስለሆነ። እናቴ በር ከፍታ ታስገባቸዋለች፣ ሻይ ትቀዳለች፣ መስኮቱን ትዘጋለች። ከዚያ ፊት ለፊት ተቀምጣ አገጯን በእጇ ደግፋ «እሺ፣ አጫውተኝ» ትላለች። አባቴን እንዲህ ስትለው ሰምቼ አላውቅም።

መጀመሪያ የመጣው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ገባ። ስለ ዝናብ ጀመረ፣ ወደ ኳስ ተሻገረ፣ ከኳስ ወደ አማቱ፣ ከአማቱ ወደ ሚስቱ ኩላሊት። መቅጃው ከሞላ በኋላም አላቆመም። «የኔ እመቤት፣ ለሳይንስ ከሆነ እስከ ማታ መቀመጥ እችላለሁ» አላት። እኔ ወዲያው ውድቅ አደረግሁት። ሚስት እያለው ለውድድር መምጣቱ ራሱ ነውር ነው፤ ደግሞ እሱ ቤታችን ቢገባ ማን ተራ ያገኛል?

ቀጥሎ ጡረተኛው ፖስተኛ መጣ። ሁለት ቃል ተናግሮ አንቀላፋ። ርኅሩኅ ነው፤ ግን ኳስ አይጫወትም።

ሦስተኛው መካኒኩ ነበር። እሱ ሲመጣ አክስቴ ስፌቷን ትታ ከንፈሯን ቀይ ቀብታ ወጣች፤ «ውሃ ልጠጣ» ብላ ሦስቴ ወጥ ቤት ገባች። መካኒኩ ሞተር ብስክሌት ነበረው። ሲወጣ አንስቶ ሞተሩ ላይ አስቀመጠኝና «ትልቅ ስትሆን ትነዳዋለህ» አለኝ። እውነቱን ልናገር፤ እስከ ማግሥቱ ማታ ድረስ አባቴን በሞተር ብስክሌት ለውጬው ነበር። የተመለስኩት አባቴ ማታ ከልኳንዳው የተቀቀለ ምላስ በወረቀት ጠቅልሎ ሲያመጣልኝ ነው። መካኒክ ምላስ ከየት ያመጣል?

እንግዲህ አባቴን ማዳን ነበረብኝ። አሰብኩ አሰብኩና መፍትሔው እርግቧ ሆነች። ማንም አይፈራትም። አባቴ እንደ እርግብ መናገር ከቻለ ነገሩ አለቀ።

ከምሳ በኋላ ልኳንዳው ሄድኩ። አባቴ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ የበሬ ጎድን ይከፍላል። አንዲት ወፍራም ደንበኛ ዘንቢሏን ይዛ ቆማለች።

«አባዬ፣ እንደ እርግብ ጩህ» አልኩት።

«አሁን?»

«አሁን።»

አባቴ ደንበኛዋን አየ፣ ቢላውን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ። «ኩ… ኩ…» አለ።

«ሆዴን!» አለች ሴትዮዋ። «ሲጋራ ያጨሰች እርግብ ነው የምትመስለው።»

«በደንብ ካልተለማመድክ እኮ እማዬ ሌላውን ትወስዳለች!» አልኩ ጋዋኑን እየጎተትኩ።

«ማንን ነው የምትወስደው?»

«እኔ እንጃ። ፀጉር አስተካካዩ ብዙ ያወራል። ፖስተኛው ይተኛል። መካኒኩ ግን ያሸንፍሃል። ሁሉም አንተ ስትወጣ ነው የሚመጡት። እማዬ ሻይ ትሰጣቸዋለች፣ ‹አጫውተኝ› ትላቸዋለች።»

ቢላው ሥጋው ውስጥ እንደተሰካ ቆመ። ደንበኛዋ ሳቋን ዋጠችና ዘንቢሏን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወረች። አባቴ የጎድኑን አጥንት ትክ ብሎ አየው። እኔ ኩ ኩውን በሆዱ የሚለማመድ መሰለኝ፤ ደስም አለኝ፤ ምክሬን ተቀበለ ብዬ ወደ ቤቴ ሮጥኩ።

ያን ጊዜ የማላውቀውን አክስቴ የነገረችኝ ጺም ካበቀልኩ በኋላ ነው። አባቴ መቅጃውን ያውቃል፣ የአለቃውንም ጥያቄ እናቴ ነግራዋለች። ‹አጫውተኝ› የሚለውን ግን አያውቅም ነበር። ለነገሩ እነዚህ ሁለት ሰዎች ያን ዓመት «በልተሃል?» «በልቻለሁ» ከማለት ያለፈ አይነጋገሩም ነበር። እሷ ከደን ስትመጣ እሱ ልኳንዳ ነው፤ እሱ ሲመጣ እሷ ካሜራዋ ላይ ተደፍታለች። አባቴ አክስቴን «ልጁን ይዤ ቤት ብከራይ ትከተይኛለሽ?» ብሎ ጠይቋት ነበር፤ ከእኔ እርግብ በፊት። ስለዚህ በፀጉር አስተካካዩ ተሳስቻለሁ። ቤታችን ሊፈርስ ነው ብዬ መፍራቴ ግን ስሕተት አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ አባቴ ልኳንዳውን በጊዜ እየዘጋ ከቤታችን ፊት ለፊት ካለው ጫማ ሰፊ ዘንድ ይቀመጥ ጀመር። ጫማ ሰፊው አንዱን ጫማ ሦስት ጊዜ ሰፋለት ይባላል።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል እናቴ ሁሉንም ቤት ጠራቻቸው፤ ድምፃቸውን ያዋሱ ሰዎች የሠሩትን ማየት ይገባቸዋል ብላ። መጋረጃው ተዘጋ፤ ግድግዳው ላይ አንሶላ ተወጠረ፤ አለቃው ከነባርኔጣው ፊት ተቀመጠ። ወንዶቹ ለሠርግ እንደተጠሩ ለብሰዋል። ለእኔ ፍርዱ የሚሰጥበት ቀን ነው። አባቴ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ቦታ እያለ።

በመጀመሪያ እርግቧ ጮኸች። አንዲት ድኩላ ሰምታ እንዳልሰማች መጠጣቷን ቀጠለች። ቀጥሎ ነብሩ አጉረመረመ። ድኩላዎቹ ፈቀቅ ብለው ተመለሱ። ከዚያ «ዘንድሮ ዝናቡ ቶሎ ገባ» የሚል የፀጉር አስተካካዩ ድምፅ ተሰማ። የድኩላዋ አንድ እግር ገና አየር ላይ እያለ ሌላው አካሏ ከአንሶላው ወጥቷል።

«ምን አልኳት?» አለ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ዘርግቶ። «ስለ ዝናብ እኮ ነው ያወራሁት!»

«አማትህ ላይ ሳትደርስ ልታመልጥ ነዋ» አለች አክስቴ።

በመካኒኩ ድምፅ ከርከሮ ከነልጆቿ ጭራቸውን ቀስረው ተፈተለኩ። በፖስተኛው ሁለት ቃል ጦጣዎች ዛፍ ላይ ወጡ፤ እሱ ግን ተኝቶ ስለነበር አላየውም። እኔ በጣቴ እቆጥራለሁ፤ እስካሁን ሁሉም አስፈርተዋል። አባቴ ተስፋ አለው።

መጨረሻ ላይ ራሱ ነብሩ መጣ። የተቀዳው ሳይሆን ሥጋ ለባሹ። የድኩላ ግልገል በአፉ አንጠልጥሎ ኩሬው ዳር ተጋደመ፤ እግሩን ዘርግቶ መብላት ጀመረ። ያን ጊዜ ከዛፉ ላይ፣ ዝግ ባለ፣ በጨዋ ድምፅ፦

«እንዴት አደርሽ። ዛሬ የመጣው ለጋ ነው። ከታፋው ነው ከጎኑ?»

ነብሩ ግልገሉን ጥሎ እንደ ድመት ተስፈንጥሮ ጠፋ። አልተመለሰም።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። «ደንበኛ አባረርክ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሥጋውን ጥሎልህ ሄደ፣ ሂድና መዝነው!» አለች አክስቴ። አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ባርኔጣውን አውልቆ ፊቱን ጠረገበት።

«በቃ» አላት እናቴን ሳቁ ሲበርድለት። «ሁሉም እኩል ናቸው። ነብር የሚፈራውን ፍጥረት ድኩላ ቢፈራው ምን ይገርማል። ጣቢያው አይዘጋም፤ ቀጥዪ።»

እናቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ አላጨበጨብኩም። በኳስ እኩል ሲወጡ ጨዋታው ይራዘማል፤ ከዚያም አልፎ አንዱ በቅጣት ምት ይወድቃል። ወደ በሩ ስዞር አባቴ የለም።

ወደ ወጥ ቤት ሮጬ በመስኮቱ አየሁ። ጓሮ፣ ከተሰጣው ልብስ መካከል ቆሟል። እናቴም ተከትላው ወጥታለች።

«ደስ አላለህም?» አለችው። «ተረፍኩልህ እኮ፤ ቢሮ አልገባም።»

«ደስ ብሎኛል።»

«ታዲያ?»

አባቴ የራሱን ጋዋን ከገመዱ ላይ አውርዶ ማጠፍ ጀመረ። «ከሁሉም የማስፈራው እኔ ነኝ?»

«ልዩነት የለም አልኩህ። ያ ፖስተኛ እንኳ፣ ዝንብ የማይገድለው…»

«እሺ። እና የትኛውን መረጥሽ?»

እናቴ ሳቀች። እሱ አልሳቀም። ሳቋ መንገድ ላይ ቀረ።

«የምን መምረጥ?»

«ሻይ የምትቀጂለትን። ‹አጫውተኝ› የምትይውን።» ጋዋኑ በእጁ ላይ እያነሰ እያነሰ መሐረብ ሊያህል ነው። «እኔን አንድ ቀን ብለሽኝ አታውቂም። እኔ ደግሞ ሲጠይቁኝ እንጂ ማውራት አልችልም። ታውቂያለሽ።»

እናቴ ባለችበት ቆመች። አዳኝና ታዳኝን ስትከታተል የምትቆመው እንዲህ ነው፤ ሳትነቃነቅ። ልጅ ስለነበርኩ ተናደደች ብዬ ፈራሁ። አሁን እንደማስበው፣ በዚያች ሰዓት ከፊቷ የቆመው ስንት ዓመት ውሃ ሳይጠጣ እንደቆየ እየቆጠረች ነበር።

«ሰኞ ልኳንዳህን ትዘጋለህ» አለችው በመጨረሻ።

«ለምን?»

«ከእኔ ጋር ደን ትገባለህ። ኩሬው ዳር የሚመጡትን እንስሳት ቀን ቀን በዓይኔ ማየት አለብኝ፤ ሰው ያስፈልገኛል።»

«እኔ ስለ ሳይንስ ምን አውቄ? ምን ልሠራልሽ?»

«ዝም ትልልኛለህ። የሚችል ሰው አላገኘሁም።»

አባቴ ጋዋኑን ከፍቶ እንደገና አጠፈው። «እሱን እንኳ እችላለሁ» አለ።

ሰኞ ገና ወፍ ሲንጫጫ ወጡ። እኔን ለአክስቴ ተዉኝ፤ እሷም «ሁለቱም ወይ ታርቀው ይመጣሉ ወይ አንዱን ነብር ይበላዋል፤ በሁለቱም እንገላገላለን» ብላ አጽናናችኝ። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ዋልኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጡ። ጫማቸው ጭቃ ነው፤ በአባቴ ፀጉር ውስጥ ቅጠል ተሰክቷል፤ እናቴ እያየችው አላነሳችለትም። አለፈችኝና ፊቷን ልትታጠብ ገባች፤ በአፏ አንድ ዘፈን ታጎራጉራለች።

አባቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን መፍታት ጀመረ። አጠገቡ ተለጠፍኩ።

«ድኩላዎቹ ሸሹህ?»

«ኧረ! ከእኛ የዚያን ያህል ቀርበው ጠጡ» አለ፤ ደጃፋችን ላይ ያለውን ቧንቧ እያሳየኝ። «እሷ በጣቷ ታሳየኛለች፣ አያለሁ። እኔ አሳያታለሁ፣ ታያለች። ዳቦ ቆርሼ ሰጠኋት። አንዴ ግልገሏ ስትወድቅ ሳቅ ሊያመልጠን ነበርና አፌን በእጇ ያዘችው።»

«ምን አወራችሁ?»

«አንዲት ቃል አልተነፈስንም።» ጫማውን ገልብጦ ጭቃውን አራገፈ፤ ወደ ውስጥም፣ ውሃው ወደሚንሿሿበት፣ ጆሮውን ጣል አደረገ። «ከተጋባን እንዲህ ተጫውተን አናውቅም።»